የሁዳዴ ወተት

መከራ ሰውን ያስተምራል የሚል ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል። ጠጋ ብዬ «ለመሆኑ አንተን ምን አስተማረህ?» ብለው ደስ ይለኛል። እኔን ራብ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር የሳማ ቅጠል እጅ ሳይለበልብ እንዴት እንደሚቀነጠስ ነው። እሱንም ቢሆን ሳልራብ ልማረው እችል ነበር። መከራ መምህር ከሆነ፣ አብዛኞቹን ተማሪዎቹን ቀብሮ የሚሄድ መምህር ነው፤ እንዲህ ያለው ቢቀርብን ይሻላል።

ይህን እላለሁና የአባቴ ነገር ሲመጣብኝ አፌን እይዛለሁ። አባቴ ከዚያ ክፉ ዘመን አንድ ነገር ይዘው ወጥተዋል። ምን እንደሚባል እስከ ዛሬ ስም አላገኘሁለትም። ያስከፈላቸውን ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

አባቴ ቄስ ነበሩ። ቤታችን ከመካነ ሰላም ወዲያ፣ ወደ ዓባይ በረሃ በሚያዘቀዝቀው የደጋ ጫፍ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ነበር። እናታችን ታናሽ እህቴን ስትወልድ ሞተች። ቄስ ሚስቱ ስትሞትበት ሌላ አያገባም፤ ካገባ ቅስናው ይቀራል፣ መቅደስ አይገባም። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ «ሕፃኗን ማን ያሳድጋታል? ቅስናው ይቅርብዎና ሰው ያግቡ» ቢላቸው፣ «ከመቅደስ ወጥቼ የት ልገባ ነው?» ብለው እምቢ አሉ። እህቴን ራሳቸው አሳደጓት። በእኛ አገር ወንድ፣ ያውም ቄስ፣ ሕፃን በአንቀልባ አዝሎ ሲሄድ የታየው ያኔ ብቻ ነው። የመንደሩ ሴቶች «አባ፣ እሹሩሩውንም በዜማ ነው የሚሉት?» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እሳቸውም ይስቁና መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።

እኔ ወግዲ ተድሬ ነበር። ዝናቡ ሲጠፋ ባሌ በሬዎቹን ሸጠና ሥራ ፍለጋ ብሎ ወደ ሑመራ ወረደ፤ በዚያው ቀረ። እኔም ዕቃዬን ጠቅልዬ ወደ አባቴ ቤት ተመለስኩ። ከድሮም ጉንዳን እንደወረረው ሰው አንድ ቦታ መቆም አልችልም። በዚያ ዓመት ደግሞ ባሰብኝ። ጠዋት ወደ ምንጩ እወርዳለሁ፣ ውኃውን አስቀምጬ ወደ አፋፉ እወጣለሁ፣ ከአፋፉ ላይ ቆሜ ከቆላው የሚመጣውን ሰው አያለሁ። ከቆላው የሚመጣው ሰው በየቀኑ ይበዛል፤ አካሄዱም በየቀኑ ይዘገያል። እነሱ ወደ እኛ የሚወጡት እህል አለ ብለው ነው፤ እኛ ደግሞ ወዴት እንደምንሄድ እናስባለን።

የክረምቱ ዝናብ ሳይዘልቅ ቀረ፤ በልጉም ከዳን። ሁዳዴ ሲገባ እኛ ከጾሙ ቀድመን ጾመን ነበር። አንድ ቀን እህቴ ሆዷን ይዛ ከምድጃው ጥግ ተኮራምታ ታለቅሳለች። ጾም ከጀመረች ገና ጥቂት ዓመቷ ነው። እኔ ወጣ እላለሁ፣ ገባ እላለሁ፤ ወጥቼ የማመጣው የለ፣ ገብቼ የማበስለው የለ። አባቴ ከቅዳሴ ሲመለሱ ጭናቸው ላይ አስቀመጧትና እንባዋን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላት።

«ልጄ፣ ራበኝ አትበዪ» አሏት። «ጾምኩ በዪ። ራብ ሰውን ያዋርዳል፤ ጾም ያከብራል። ጌታችንም በገዳም ጾሟል። አንቺም አሁን ከእሱ ጋራ ነሽ።»

እውነቱን ለመናገር ቃሉ ሠራ። እህቴ ልቅሶዋን አቆመች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች፤ ጥላ እያየች ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ትጠብቃለች፤ ሲሆንም መሬት ስማ የተገኘችውን የተቀቀለ ቅጠል ትቀምሳለች። ፊቷ ላይ አንድ ዓይነት ኩራት መጣ። እኔ ግን ቃሉ አልዋጥ አለኝ። «የሚበላ እያለ መተው ነው ጾም» አልኳቸው አባቴን። «የሚበላ ሳይኖርማ ድንጋዩም ይጾማል።»

«አገሩ ሁሉ ሲከሳ የአንቺ ምላስ ብቻ ወፈረ» አሉና በሩን አልፈው ወጡ።

በእሑዱ ይህንኑ ለሕዝቡ ሰበኩት። ሰው ወደደው። እንዴት አይወደው! የሚበላ ሊሰጡት ያልቻሉት ሕዝብ ነው፤ ቢያንስ ለራቡ ስም ሰጡት። «ራብ አይደለም፣ ጾም ነው» የሚለው ቃል ከቤት ቤት ዞረ። «እንደምን ዋላችሁ?» ሲባል «ጾሙን ይዘን፣ ተመስገን» ሆነ መልሱ። ከዚያ ሰው መሞት ጀመረ። የሞተውን ቀብረው ሲመለሱ «የታደለ! ጾሙን እንደያዘ ሄደ» ይላሉ። እኔ ከቀብሩ ለብቻዬ ቀድሜ እመለሳለሁ። አጠገባቸው ብቆም የምናገረውን አላውቅም ነበር።

የእህቴ እግር አበጠ። ፀጉሯ ቀላ። አሁንም ቀጥ ብላ ትቀመጣለች፣ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ነው። መካነ ሰላም ላይ መጠለያ ተሠርቷል፣ ለሕፃናት ወተት ይታደላል የሚል ወሬ ሲመጣ፣ አባቴ ቅዳሴውን ለሌላ ቄስ አደራ ሰጥተው እህቴን አዘሏት። ይህንን ጀርባ እሷም ታውቀዋለች፤ አንገታቸው ሥር ግንባሯን ደፋች። እኔ ወደፊት እሮጣለሁ፣ ዞር ብዬ እጠብቃለሁ፣ መልሼ እሮጣለሁ። አባቴ «ኧረ አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ሰው ሂጂ» አሉኝ።

መካነ ሰላም ሰው በሰው ላይ ነበር። ከሻይ ቤቱ ራዲዮ ይጮሃል፤ አዲስ አበባ ላይ ሚኒስትሮቹ ወረዱ፣ ወታደሩ አመፀ፣ ተማሪው ሰልፍ ወጣ ይላል። በሩ ላይ የቆሙት ነጋዴዎችና መምህራን ዓይናቸው ይበራል። እኔም እግሬ ወደዚያ ተሳበ። አንድ ነገር ሊገለበጥ ነው፤ ምን እንደሆነ ባላውቅም ይገልበጥ አልኩ። አባቴ በክንዴ ይዘው ወደ መጠለያው ጎተቱኝ።

መጠለያው በባሕር ዛፍ እንጨትና በሸራ የቆመ ነው። መሃሉ ላይ በርሜል ተጥዶ የዱቄት ወተት ይበጠበጣል። ሽታው ሲመጣ ምራቄ አፌን ሞላው፤ አፈርኩም። የሚያድለው ወጣት ድሬሰር፣ ከክሊኒክ የመጣ ጤና ረዳት፣ እየዞረ ይቆጣል፤ ለምን እንደሚቆጣ ያየሁት ቆይቼ ነው። የሙስሊሞቹ ልጆች ኩባያቸውን ይዘው ይጠጣሉ። የክርስቲያኖቹ እናቶች ግን ጾም ላልያዙት ለጨቅላዎቹ ብቻ እየተቀበሉ ያጠጣሉ፤ ትልልቆቹ ልጆች ከጎናቸው ተቀምጠው ወደ ሌላ ወገን ያያሉ። አጥንታቸው እየተቆጠረ ይጾማሉ። ከእናቶቹ መካከል የእኛ ደብር ሰዎችም ነበሩ። አባቴን ሲያዩ እንደምንም ተነስተው መስቀል ተሳለሙ። አንዷ ልጇን እያሳየች፣ «እንዳሉን ይዘነዋል አባ። አልገደፍንም» አለቻቸው።

አባቴ ያን ጊዜ ፊታቸው ምን እንደሆነ መናገር ይከብደኛል። አንድ ቃል ብቻ መለሱ፤ «አየሁ» አሉ።

ኩባያውን ተቀብለው ወደ እህቴ አፍ አስጠጉት። ፊቷን አዞረች።

«ጾም ነው» አለች።

«ለታመመ ተፈቅዷል ልጄ። ጠጪ።»

«አልታመምኩም። ራብ አይደለም፣ ጾም ነው። አንቱ አይደሉም ወይ ያሉኝ?»

አባቴ ሕግ ጠቀሱ፣ ታሪክ ጠቀሱ፣ ለመኑ። ልጅቱ የሳቸው ልጅ ናት፤ ንቅንቅ አላለችም። ከጎናችን ከወረኢሉ በኩል የመጣች አንዲት ሙስሊም ሴት ልጇን እያጠጣች ስትሰማ ነበር። ቢቸግራት ገባችበት። «አባ፣ እኛም ረመዳንን እንጾማለን» አለች። «የታመመ ግን ይበላል፤ ሲሽረው የቀረበትን ቀን ጾሞ ቀዷውን ያወጣል። ይቺ ካልታመመች ማን ታመመ ያረቢ! አብሽሪ ልጄ፣ አላህ አይቆጣሽም። ጠጪ።»

እህቴ ሴትዮዋን ጥቂት አየቻት። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች። ልጅ ነገር ሲገባው መንገዱ አጭር ነው።

«ከተፈቀደ አንቱ መጀመሪያ ይጠጡ» አለች።

ለእሷ ተፈቅዷል፤ ለእሳቸው ግን አልተፈቀደም። እሳቸው ከስተዋል እንጂ አልታመሙም፤ በእግራቸው ልጅ አዝለው መጥተዋል። ቄስ ሁዳዴን፣ ያውም በአደባባይ፣ ከገደፈ መቅደስ አይገባም። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ የደብራችን ሰዎችም ያውቃሉ። ለዚህ መቅደስ ብለው ሚስት ሳያገቡ ኖረዋል። ልጅ በአንቀልባ ያዘሉት ለዚህ ነው። ሌላ ሕይወት አልነበራቸውም። እኔ በልቤ ይጠጡ እያልኩ እለምናለሁ፤ ደግሞ እንዳይጠጡም እፈራለሁ።

አባቴ አማተቡና ኩባያውን እስከ መጨረሻው ጠጡት። ወተቱ ጢማቸው ላይ ቀረ። ከደብራችን የመጡ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። አንዲት ሴት «ኧረ አባ ገደፉ!» አለች፤ ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ድንጋጤ ብቻ።

እህቴ ጢማቸውን ታያለች። «እንግዲህ ጾም ካልሆነ ምንድነው?» አለች።

«ራብ ነው ልጄ።»

«ራብ ለምን ይመጣል?»

አባቴ ለሁሉ ነገር መልስ ነበራቸው። ድርቁ ለምን እንደመጣ፣ እናታችን ለምን እንደሞተች፣ በረዶ ለምን የአንዱን ማሳ መትቶ የሌላውን እንደሚያልፍ፣ ሁሉንም ያውቁት ነበር።

«አላውቅም» አሉና ኩባያውን እንደገና አስሞልተው አቀረቡላት። «ጠጪ።»

ጠጣች። የመጀመሪያውን አስመለሰችው፤ ሴትዮዋ ቀስ በቀስ በጉንጭ በጉንጭ አጠጪያት ብላ አሳየችኝ። እኔ እያጠጣሁ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው ብዬ አስቤ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን ፈርቼ ነበር። አባቴ የማያውቁት ነገር ባለበት ዓለም ውስጥ ከዚያ ቀን በፊት ኖሬ አላውቅም።

በነጋታው አንዲት የደብራችን እናት ልጇን ይዛ መጣች። «እስኪ በፊቱ ይጠጡለት» አለች። ጠጡለት፤ ልጁም ጠጣ። ከዚያ ሌላዋ መጣች። አባቴ ከዚያ በኋላ ከበርሜሉ አጠገብ አልተለዩም። ልጅ እምቢ ሲል ይጠሯቸዋል፤ መጥተው ከኩባያው አንድ ጉንጭ ወስደው ይመልሱለታል። ቀኑን ሙሉ አንድ ጉንጭ፣ አንድ ጉንጭ። ሰው ሁሉ በከሳበት በዚያ ሁዳዴ አባቴ ጉንጫቸው ሞላ። በገበያው «ቄሱ በሁዳዴ ወፈሩ» ተባለ። እኔ ይህን ያለውን ሰው ስሰማ ለጠብ ተነሳሁ፤ አባቴ «ተዪው፣ አልዋሸም» አሉኝ።

ፋሲካ ሲቃረብ የደብራችን አለቃ በበቅሎ መጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሁለታችንንም እኔንና እህቴን ያጠመቁን እሳቸው ናቸው። አባቴን ወደ ዛፍ ጥላ ወሰዷቸው። «ልጅዎ ነበረች፣ ጨነቀዎት፤ እግዚአብሔር ያውቃል» አሏቸው። «በድያለሁ ይበሉና ቀኖና ይቀበሉ። ጊዜው ሲደርስ ወደ መቅደስዎ ይመለሳሉ።»

«ንስሐ የሚገባ ሰው ሁለተኛ አልመለስበትም ይላል» አሉ አባቴ። «እኔ ነገ ጠዋት እመለስበታለሁ። ልጆቹ ይጠብቁኛል።»

አለቃው ለመኗቸው። እኔም ለመንኳቸው፤ «አንዲት ቃል ብለው ይገላገሉ፣ ማን ይሰማዎታል?» አልኳቸው። እኔ ያኔ ለመገላገል ቸኩዬ ነበር፤ ከሁሉም ነገር። አባቴ የእጅ መስቀላቸውን ከደረታቸው አውጥተው ሳሙትና ለአለቃው ሰጧቸው። አለቃው ተቀብለው አለቀሱ። የፋሲካ ሌሊት ሰው ሁሉ ጾሙን ሲፈታ፣ አባቴ የሚፈቱት ጾም አልነበራቸውም። እንደሌላው ቀን በርሜሉን አጥበው ተኙ።

በቀጣዩ ዓመት አብዮቱ እኛም ዘንድ ደረሰ። ዘማች ተማሪዎች መጡ፤ መሬት ለአራሹ እያሉ ይዘምራሉ። እኔ መፈክሩን ወደድኩት፤ ድምፄ እስኪዘጋ ከነሱ ጋር ጮህኩ። ከተማሪዎቹ አንዱ የወተቱን ታሪክ ሰምቶ ኖሮ፣ በስብሰባው ላይ አባቴን ወደ መድረኩ አወጣቸው። «እኚህ ተራማጅ ቄስ የጾምን ሰንሰለት የበጠሱ ናቸው!» ብሎ አስጨበጨበላቸው። ልጁ ከልቡ ነበር። አባቴ ጭብጨባው እስኪያልቅ ቆዩ።

«ልጄ፣ ሰንሰለት ቢሆን ኖሮ ሲበጠስ እንዲህ ባላመመኝ» አሉት። ከመድረኩ ወርደው፣ ሕዝቡን ሰንጥቀው፣ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ያን ቀን ተናደድኩባቸው። ቤተ ክርስቲያን ተጸጸት አለቻቸው፣ እምቢ፤ አብዮቱ ተመካ አላቸው፣ እምቢ። ታዲያ የት ሊቆሙ ነው? መልሱን አሁንም አላውቅም። የቆሙበትን ግን አውቃለሁ። በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከግንቡ ጥግ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ቅዳሴው እስኪያልቅ ይቆማሉ። ከቀበሌ የተሰጣቸውን መሬት ያርሳሉ። የታመመ ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ መጀመሪያ የሚጠራው እሳቸውን ነው፤ መድኃኒት አያውቁም፣ ግን ይሄዳሉ። አንዴ «ቅዳሴው አይናፍቅዎትም?» ብላቸው፣ «ሰዓቱ ሲደርስ እጄን ይበላኛል» አሉና መዳፋቸውን አሹ።

እኔ ከዘማቾቹ ጋር ወጣሁ። ደሴ ተማርኩ፣ ጤና ረዳት ሆንኩ፣ ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው ስዛወር ዕድሜዬ አለቀ። አጅባር ስመደብ ደሴ ያምረኛል፤ ደሴ ስገባ ገጠሩ ይጠራኛል። በኋላ ሌላ ራብ መጣ፤ ሌላ መጠለያ፣ ሌላ በርሜል። ሥራዬን ሠራሁ። አባቴ ያገኙትን ግን ከበርሜሉ ውስጥ ብፈልግ አላገኘሁትም። ልጅ ሲድንልኝ ደስ ይለኛል፤ ሲሞትብኝ ማንንም ይቅር አልልም። ለዚህ ነው መከራን የሚያመሰግን ሰው አጠገቤ እንዲቀመጥ የማልፈልገው።

እህቴ ደግሞ አገሩን አልለቀቀችም። አግብታ ወለደች። ከወላጆቻችን ዘመን ሰዎች ሁሉ አብልጣ ትጾማለች፤ ከአጽዋማቱ አንዱን እንኳ አታሳልፍም። አባቷ በእሷ ምክንያት ከመቅደስ እንደወጡ ከዚያች ቀን ጀምሮ ታውቃለች። በዚህ እንቅልፍ የላትም።

አባቴ የሞቱት ሳይቆርቡ ነው። በመጨረሻው ሕመማቸው የነፍስ አባታቸው መጥተው ነበር። ቀስ ብለው ለእህቴና ለእኔ ነገሩን፤ «ያንን ነገር ተጸጽቻለሁ ካላሉ ላቆርባቸው አልችልም። አንዲት ቃል ትበቃኛለች» አሉ። ከዚያ በግቢው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው መጠበቅ ጀመሩ።

እህቴ ከመደቡ ሥር ተንበረከከች። አባቴ ዓይናቸው ደክሟል፤ እጃቸውን ሰደው ፊቷን ዳሰሱ። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

«አባዬ» አለች፣ «ይህን ሁሉ ዘመን ከቅጥር ውጭ የቆሙት በእኔ ነው። በሰማይ ደግሞ ውጭ እንዲቆሙብኝ አልፈልግም። ያንን ወተት ተጸጽቻለሁ ይበሉ። እባክዎ። ለእኔ ብለው ይበሉ።»

አባቴ እጃቸውን ከፊቷ ላይ አላነሱም። ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ አገጯን በጣታቸው ቀስ እያሉ ዳሰሱት።

«ታዲያ በአንቺ ልጸጸት፣ ልጄ?» አሏት።

እህቴ ራሷን ደረታቸው ላይ ደፋች። እኔ ወጣሁና የነፍስ አባታቸውን እንግዲህ ይሂዱ አልኳቸው።